የቡችላ የሆድ ትል፦ መድኃኒቱን በቀኑ መስጠት፣ ግቢውን በየዕለቱ ማጽዳት

ቡችላ ለመውሰድ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ከወንድሞቹና ከእህቶቹ መካከል ሆዱ ሞላ ያለውን ይመርጣል፤ ጠግቦ ያደገና ጠንካራ ስለሚመስለው ነው። ነገር ግን ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ጎድኑ በጣት የሚቆጠር ከሆነ፣ ፀጉሩም ወዙን አጥቶ ከደረቀ፣ ያ ሆድ የያዘው ወተት ብቻ ሳይሆን ወስፋትም ጭምር ሊሆን ይችላል።

እኔም የመጀመሪያውን ቡችላዬን የመረጥኩት በሆዱ ነበር። ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው አንድ ጊዜ የትል መድኃኒት ሰጠሁት፤ በማግስቱ ጠዋት ሲሚንቶው ላይ የተቀቀለ ፓስታ የመሰለ፣ ነጣ ያለና እርስ በርሱ የተጠቀለለ የትል ጉንጉን ወጣ፤ ቤተሰቡም ሁሉ «ተገላገለ» ብሎ ተደሰተ። መድኃኒቱን በወሰደ በስድስተኛው ሳምንት ግን ሆዱ ተመልሶ ተነፋ። ወደ ክሊኒክ ስወስደው ሐኪሙ ቡችላውን ከመንካቱ በፊት ሁለት ነገር ጠየቀኝ፦ «መድኃኒቱን መቼ ደገሙለት? ሰገራውንስ ማን ነው የሚያነሣው?» ለሁለቱም መልስ አልነበረኝም። ይህ መመሪያ የተጻፈው በእነዚያ ሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ነው።

ትሉ ከየት እንደሚመጣ

ቡችላ ትሉን የሚያገኘው ከቆሻሻ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ይዞት ይወለዳል። ቶክሶካራ ካኒስ የሚባለው የውሻ ወስፋት እጭ ባደገች ሴት ውሻ ጡንቻና የውስጥ አካላት ውስጥ ተኝቶ ለረጅም ጊዜ መቆየት ይችላል። ውሻዋ ስታረግዝ፣ 63 ቀን ገደማ ከሚፈጀው እርግዝናዋ በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ላይ፣ የተኛው እጭ ይነቃና በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሶቹ ያልፋል፤ ከወለደች በኋላም የተወሰነው በወተቷ ይተላለፋል። በዚህ ምክንያት ቡችሎቹ ገና ሦስት ሳምንት ሲሆናቸው አንጀታቸው ውስጥ ያደገ ትል ሊኖርና እንቁላል መጣል ሊጀምር ይችላል። እናቲቱ ጤነኛ መምሰሏ፣ ሰገራዋም ተመርምሮ ንጹሕ መባሉ ዋስትና አይሆንም፤ የተኛውን እጭ የሰገራ ምርመራ አያሳየውም፣ የተለመደው የትል መድኃኒትም በአብዛኛው አይደርስበትም።

መንጠቆ ትል የሚባለው ደግሞ ርዝመቱ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ባይበልጥም ከወስፋት ይልቅ አስፈሪው እርሱ ነው። የአንጀትን ግድግዳ ነክሶ ደም ይመጥጣል፤ ቦታውን ለቅቆ ወደ ሌላ ሲሄድም የነከሰው ቁስል መድማቱን ይቀጥላል። ወደ ቡችላው የሚገባው በእናቱ ወተት ወይም እርጥብ አፈር ላይ ሲተኛ በቆዳው በኩል ነው። በወተት በብዛት የወሰደ ቡችላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ዕድሜው፣ በሰገራው ውስጥ አንድም እንቁላል ገና ሳይታይ፣ በደም ማነስ ሊሞት ይችላል።

የኮሶ ትል ዓይነቶች በእናት አይተላለፉም። አንደኛው የሚመጣው ቡችላው ራሱን ሲያክክ በሚውጠው ቁንጫ ነው፤ ሌሎቹ የሚመጡት ከጥሬ ሥጋና ከጥሬ ሆድ ዕቃ ነው፤ ስለ እነርሱ ከታች በስፋት እመለሳለሁ። ከእነዚህ በተጨማሪ ጃርዲያና ኮክሲዲያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ የአንጀት ተውሳኮች አሉ፤ ትል ስላልሆኑ ለትል የሚሰጠው የተለመደ መድኃኒት ሁልጊዜ አይነካቸውም።

ይህን ያህል በአመጣጡ ላይ የቆየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የሚሰጡት መድኃኒት የሚገድለው ዛሬ አንጀት ውስጥ ያለውን ትል ነው፤ ነገ ከሳንባ ወደ አንጀት የሚወርደውን እጭ፣ ከነገ ወዲያ ከአፈር የሚላሰውን እንቁላል አይጠብቅም። የመድኃኒቱ መደጋገምና የግቢው ጽዳት አስፈላጊ የሚሆኑት ከዚህ የተነሣ ነው።

መጀመሪያ ቡችላውን በደንብ ይመልከቱ

ቡችላውን ብርሃን ባለበት ቦታ ያቁሙትና ከላይ ወደ ታች ይዩት። ከንፈሩን ከፍ አድርገው ድዱን ይመልከቱ፤ የጤነኛ ቡችላ ድድ ሮዝ ሆኖ በጣት ሲጫኑት ይነጣና በሁለት ሰከንድ ውስጥ መልኩ ይመለሳል። ድዱ እንደ ወረቀት ከነጣ መንጠቆ ትል ወይም ከባድ የቁንጫ ወረራ ደሙን እየጨረሰ ሊሆን ስለሚችል፣ መድኃኒት ፍለጋ ወደ ሱቅ ሳይሄዱ በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።

ቀጥሎ ጅራቱን ያንሡና ከሥሩ ያለውን ፀጉር ይመርምሩ። የተቀቀለ ሩዝ የሚያህል፣ ነጭ፣ አንዳንዴም ቀስ እያለ የሚኮማተርና የሚዘረጋ ነገር ካዩ የኮሶ ትል ቁራጭ ነው። ያው ቁራጭ መኝታው ላይ ወድቆ ሲደርቅ መልኩ ቢጫማ ሆኖ ልክ ሰሊጥ ይመስላል፤ ብዙ ሰው የምግብ ፍርፋሪ መስሎት ጠርጎ ይጥለዋል። መሬት ላይ መቀመጫውን እየጎተተ የሚሄድ ቡችላም ይህ ይኖርበት ይሆናል።

ሰገራውንም መመልከት ግድ ነው። ጥቁርና እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ ከሆነ የተፈጨ ደም ነው፤ ንፍጥ ያለበት፣ የሚሸትና ቅባት የሚመስል ልል ሰገራ ብዙ ጊዜ ጃርዲያን ያስጠረጥራል። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለ። ቡችላው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዞት የሚያስመልስ፣ ምግብ የማይቀምስና የሚተኛ ከሆነ «ትል ነው» ብለው አይዘናጉ፤ ፓርቮ የሚባለው የቫይረስ በሽታ በዚህ ዕድሜ ምልክቱ እንዲህ ነው፣ የሚገድለውም በቀናት ውስጥ ነው። እንዲሁም ሆዱ በጣም የተነፋና አቅም ያጣ ቡችላ በቤት ውስጥ መድኃኒት ባይሰጠው ይሻላል፤ ብዙ ትል በአንድ ጊዜ ሞቶ አንጀቱን ሊዘጋው ስለሚችል ሐኪም እያየው መታከም አለበት።

ናሙና ወደ ክሊኒክ መውሰድ

ቡችላው ዛሬ ካወጣው ትኩስ ሰገራ አንድ የሻይ ማንኪያ የሚሞላ ያህል፣ አፈር ያልነካውን ወገን ብቻ ወስደው፣ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ያድርጉ። ወዲያው ካልወሰዱት በፍሪጅ ውስጥ፣ ከምግብ ተለይቶና በፌስታል ተጠቅልሎ፣ እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላል፤ ፀሐይ ላይ ከቆየ ግን እንቁላሉ ይለወጣል፣ ውጤቱም ያሳስታል። በቤተ ሙከራ ሰገራው ጨው ወይም ስኳር በብዛት በሟሟበት ውሃ ይበጠበጥና ወደ ላይ የሚንሳፈፈው እንቁላል በማይክሮስኮፕ ይታያል። «ምንም የለም» የሚል ውጤት ቢመጣም የሁለት ወይም የአራት ሳምንት ቡችላን መድኃኒት አያስቀርም፤ ትሉ ኖሮ እንቁላል ለመጣል ገና አልደረሰ ይሆናል። የምርመራው ትልቁ ጥቅም ጃርዲያንና ኮክሲዲያን መለየቱ ነው።

ሳይመዝኑ መድኃኒት አይስጡ

«ትንሽ ናት፣ ግማሽ ኪኒን ይበቃታል» የሚባለው ግምት ሁለት ጉዳት አለው፤ ካነሰ ትሉ ይተርፋል፣ ከበዛ ቡችላው ይጎዳል። ትንንሽ ቡችላ በወጥ ቤት ሚዛን ላይ ሳህን አስቀምጦ መመዘን ይቻላል፤ ሚዛን የሌለው ሰው የሰፈሩን ባለሱቅ ቢያስፈቅድ አብዛኛው እየሳቀም ቢሆን ይመዝንለታል፤ ሚዛኑ ላይ ንጹሕ ፌስታል ማንጠፍ ግን አይርሱ። ቡችላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ክብደቱን እጥፍ ሊያደርስ ስለሚችል፣ ባለፈው ጊዜ የተመዘነው ለዚህኛው አያገለግልም፤ በእያንዳንዱ የመድኃኒት ቀን እንደገና ይመዘን።

ሂሳቡን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ፌንቤንዳዞል የሚባለው መድኃኒት ለውሻ የሚሰጠው በአንድ ኪሎ ክብደት 50 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ለሦስት ተከታታይ ቀናት በቀን አንድ ጊዜ ነው። ፈሳሹ 10 በመቶ የሚል ከሆነ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ሚሊ ግራም አለ። እንግዲህ ሁለት ኪሎ የምትመዝን ቡችላ በቀን 100 ሚሊ ግራም፣ ማለትም አንድ ሚሊ ሊትር ትወስዳለች፤ አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝነው ወንድሟ ደግሞ 0.75 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መጠን 2.5 በመቶ ከሆነ ግን ያው ቡችላ አራት እጥፍ ፈሳሽ ያስፈልጋታል፤ ስለዚህ መለያውን ሳያነቡ «አንድ ሚሊ ሰጥቻለሁ» ማለት ትርጉም የለውም። ፓይራንቴል የሚባለው ሌላው የቡችላ መድኃኒት ወስፋትንና መንጠቆ ትልን ይገድላል፤ የኮሶ ትልን ግን አይነካም፤ ለእርሱ ፕራዚኳንቴል ያስፈልጋል። ሦስቱን የሚያጣምሩ ኪኒኖች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን አነስተኛ የዕድሜና የክብደት ገደብ ስላላቸው ለሁለት ሳምንት ቡችላ የሚሆነውን ሐኪሙ ይምረጥ።

የመድኃኒት ቀናት

የመጀመሪያው መድኃኒት የሚሰጠው ቡችሎቹ በተወለዱ በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ፣ ማለትም በአራተኛው፣ በስድስተኛውና በስምንተኛው ሳምንት ይደገማል። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር እስኪሞላቸው በየወሩ፣ ካደጉ በኋላ ደግሞ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ነው። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን የተወለዱ ቡችሎች መድኃኒታቸውን መስከረም 15፣ መስከረም 29፣ ጥቅምት 13ና ጥቅምት 27 ይወስዳሉ፤ ቀጥሎ ኅዳር 27፣ ታኅሣሥ 27፣ ጥር 27ና የካቲት 27 ይሆናል። ቀናቱን ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ ያክብቧቸው። ስልክ ላይ ማስታወሻ መሙላት ጥሩ ቢሆንም፣ ባለስልኩ ክፍለ ሀገር ሲሄድ ቡችላው ይረሳል።

የሁለት ሳምንቱ ልዩነት የመጣው ከትሉ ዕድገት ነው። በመጀመሪያው መድኃኒት ጊዜ እጭ ሆኖ በጉበትና በሳንባ ሲያልፍ ከሞት ያመለጠው ወስፋት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ አንጀት ወርዶ ያድጋል፤ ሁለተኛው መድኃኒት የሚያገኘው እንቁላል ሳይጥል ነው። አንዱን ቀን መዝለል ማለት ለግቢው አፈር አዲስ እንቁላል መስጠት ነው፤ አንዲት ሴት ወስፋት በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለችና።

ቡችላውን የወሰዱት ሁለት ወር ካለፈው በኋላ ከሆነና የተሰጠው መድኃኒት በጽሑፍ ካልተያዘ፣ ምንም እንዳልተሰጠው ቆጥረው በመጣ በሰሞኑ ይጀምሩ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይድገሙና ወደ ወርሃዊው ይሂዱ። «ሰጥተነዋል» የሚል የቀድሞ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ አይዋሽም፤ የሰጠው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እናቲቱን መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው። የቡችሎቿን ሰገራ እየላሰች የምታጸዳው እርሷ ስለሆነች፣ ከእነርሱ ትል መልሳ ትወስዳለች፤ ስለዚህ ቡችሎቹ በሚወስዱበት ቀን ሁሉ፣ ጡት እስኪጥሉ ድረስ፣ እርሷም በክብደቷ ልክ ትውሰድ። እርጉዝ ውሻ ያለው ሰው ደግሞ ከ40ኛው የእርግዝና ቀን በፊት ሐኪም ቢያማክር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወሊድ በኋላም ሐኪሙ እስከሚወስነው ቀን ድረስ በየዕለቱ በሚሰጥ ፌንቤንዳዞል ወደ ፅንሶቹ የሚያልፈውን እጭ በእጅጉ መቀነስ ይቻላል።

አሰጣጡ ቀላል ነው። ፈሳሹን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይሳቡ፤ ቡችላውን በጭንዎ ላይ በደረቱ ያስተኙት እንጂ በጀርባው አያንጋልሉት፤ የሲሪንጁን ጫፍ ከጉንጩ ጥግ አስገብተው እየዋጠ መሆኑን እያዩ ቀስ በቀስ ይግፉ። በአንድ ጊዜ ከተገፋ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ማስራብም ሆነ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠት አያስፈልግም። በቀጣዮቹ አንድ ሁለት ቀናት ትል በሰገራው፣ አንዳንዴም በትውኪያው ይወጣል፤ ፓይራንቴል ትሉን የሚያሽመደምደው ስለሆነ እየተንቀሳቀሰ ቢወጣ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም።

ሊሰጡ የማይገባቸው ነገሮች

ለከብትና ለበግ የሚሸጠው አልቤንዳዞል በየእንስሳት መድኃኒት ቤቱ በቀላሉ ስለሚገኝ፣ ትልቁን ክኒን በቢላ ቆርሶ ለቡችላ የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው። አልቤንዳዞል በውሻ ላይ የአጥንት መቅኔን ሊጎዳ የሚችል ሲሆን፣ በቢላ የተቆረሰ ክኒንም መጠኑ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ለከብት የተዘጋጀ የአይቨርሜክቲን መርፌም እንዲሁ ነው፤ መጠኑ ለትልቅ እንስሳ ስለተቀመመ በቡችላ ላይ ትንሽ ስሕተት ማንቀጥቀጥን፣ መታወርንና ሞትን ያስከትላል።

አባቶቻችን ኮሶንና እንቆቆን የሚጠጡት ጥሬ ሥጋ በመብላት ለሚመጣው የሰው የኮሶ ትል ነው። የሚወስዱትም ትልልቅ ሰዎች ሆነው ራሱ ወገባቸውን ይዘው ይውሉ ነበር። ኪሎ ተኩል ለሚመዝን ቡችላ ይህ መርዝ ነው፤ ወስፋትን ያስወጣልኛል ተብሎ የሚሰጥ ነጭ ሽንኩርትም ትሉን ሳይነካ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል።

ሰገራ በየዕለቱ ማንሣት

ከመድኃኒቱ ቀጥሎ ያለው ትልቁ ሥራ አካፋ ይዞ መዞር ነው። ይህን ሥራ የሚያቀለው አንድ እውነት አለ፦ ትኩስ ሰገራ ውስጥ ያለው የወስፋት እንቁላል በዚያው ቀን አይበክልም። ውስጡ ያለው እጭ እስኪያድግ ድረስ እንደ ሙቀቱ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። የመንጠቆ ትል እንቁላል ፈጠን ይላል፤ ሙቀትና እርጥበት ካገኘ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ተፈልፍሎ ቆዳ ለመብሳት የተዘጋጀ እጭ ይሆናል። በየዕለቱ የሚያነሣ ሰው እንግዲህ ሁለቱንም ይቀድማቸዋል፤ «ቅዳሜ ቅዳሜ አጸዳለሁ» የሚል ሰው ግን መንጠቆ ትሉን አይቀድመውም። በአንጻሩ ጃርዲያና በሆድ ዕቃ የሚመጣው የኮሶ ትል ከሰገራው ጋር ሲወጡ ጀምረው ስለሚበክሉ፣ ጓንት ወይም ቢያንስ በእጅ ላይ የተጠለቀ ፌስታል ያስፈልጋል።

የተነሣው ሰገራ ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ ይግባ፤ ያ ካልተመቸ ከአትክልት፣ ከጉድጓድ ውሃና ከልጆች መጫወቻ ርቆ በጥልቅ ይቀበር። ጎመንና ሰላጣ ለተተከለበት መደብ ማዳበሪያ ይሆናል ብሎ መጨመር ትልቅ ስሕተት ነው፤ የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ሳይመጣ ጠዋት ማንሣት ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ጎርፍ ካለፈበት በኋላ ሰገራው በዓይን ባይታይም እንቁላሉ በግቢው ሁሉ ተበትኗል። በጎማ ውሃ ገፍቶ ወደ ሣሩ መስደድም ያንኑ ሥራ በገዛ እጅ መሥራት ነው።

ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ የሆነውን ወለል መጀመሪያ በሳሙናና በመጥረጊያ ይፈግፍጉ፤ ቆሻሻው ሳይነሣ የሚፈስ ማንኛውም መድኃኒት ከንቱ ነው። ከዚያ ገና ከእሳት የወረደ የፈላ ውሃ ያፍስሱበትና በፀሐይ እንዲደርቅ ይተዉት። በረኪና ጠረኑ የሚያረካ ቢሆንም የወስፋት እንቁላልን ጠንካራ ቅርፊት አይበሳም፤ የሚጠቅመው ለፓርቮ ቫይረስና ለመሰል ነገር ነው። የወስፋትን እንቁላል በእርግጥ የሚገድለው ኃይለኛ ሙቀት ነው።

አፈር የሆነ ግቢ በፈላ ውሃ አይታጠብም፤ ስለዚህ ስልቱ የተለየ ነው። ፀሐይ በደንብ የሚመታውን አንድ ጥግ መርጠው ጠጠር ያልብሱትና ቡችላው እዚያ ብቻ እንዲጸዳዳ ያስለምዱት፤ ከእንቅልፍ ሲነሣና ከበላ በኋላ ወዲያው ወደዚያ ከወሰዱት በሁለት ሦስት ሳምንት ይለምደዋል። ሣሩን አሳጥረው ይጨዱ፤ የመንጠቆ ትል እጭ ጥላና እርጥበት ይወዳል፣ ድርቀትና ፀሐይ ይገድለዋል። የሚያንጠባጥብ ቧንቧና የልብስ ማጠቢያ ውሃ የሚፈስበት ጥግ ካለ ያስተካክሉት። ቡችሎቹ ተወልደው ያደጉበትን፣ ሰገራ ሲረግጡበት የከረሙትን መሬት ግን የላይኛውን አፈር ገፍፎ ማንሣትና በአዲስ መተካት ያዋጣል።

መኝታ፣ ገላና ቁንጫ

መኝታው ጆንያ ወይም ያረጀ ብርድ ልብስ ከሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ ይቀቀል፣ ወይም ከ60 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ ለመቀቀል የማይመች ከሆነ ይቃጠልና በሌላ ይተካ። ለጃርዲያ የታከመ ቡችላ በመድኃኒቱ የመጨረሻ ቀን ገላውን፣ በተለይም ከጅራቱ ሥር ያለውን ፀጉር፣ በሻምፑ መታጠብ አለበት። ያ ካልተደረገ ፀጉሩ ላይ የቀረውን እየላሰ መልሶ ይታመማል፤ «መድኃኒቱ አልሠራም» ከሚባልባቸው ጊዜያት ጥቂት የማይባሉት ምክንያታቸው ይኸው ነው።

ጅራቱ ሥር ያንን ሩዝ መሰል ነገር ያየ ሰው ፕራዚኳንቴል ሰጥቶ ቁንጫውን ከተወ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ያንኑ ያያል። ቡችላው ላይ የሚታየው ቁንጫ ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው፤ እንቁላሉና እጩ ያሉት በመኝታው፣ በምንጣፉና በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ስለዚህ መኝታው በሚቀቀልበት ቀን ቡችላውም ለዕድሜው የሚሆን የቁንጫ መድኃኒት ይቀባ፤ በቤቱ ያሉ ሌሎች ውሾችና ድመቶችም ይጨመሩ። ለከብት መዥገር የሚረጨው ዲያዚኖን ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሁን። ቆዳው ቀጭን በሆነው ቡችላ ውስጥ በፍጥነት ዘልቆ ለሃጭ ያዝረበርበዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሊገድለውም ይችላል።

የበዓል ሰሞን

በገና፣ በፋሲካና በእንቁጣጣሽ በግ በየግቢው ይታረዳል። በጉ ተገፍፎ ሆድ ዕቃው ሲወጣ፣ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ነጣ ያለና ውሃ የቋጠረ ከረጢት፣ አንዳንዴ እንደ አተር አንዳንዴም እንደ ሎሚ ያለ፣ የሚታይበት ጊዜ አለ። አራጁ በቢላው ጫፍ ቆርጦ «ይኼ አይበላም» ይልና ለውሻው ይወረውረዋል። ከዚህ የከፋ ውርወራ የለም። ያ ከረጢት ኢኪኖኮከስ የሚባለው እጅግ ትንሽ የኮሶ ትል እጭ ሲሆን፣ ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ፣ እያንዳንዳቸው ከሰባት ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ትሎች ይሆናሉ። ውሻው አይታመምም፣ ሰገራው ላይም በዓይን የሚታይ ነገር የለም፤ ከስድስት እስከ ሰባት ሳምንት በኋላ ግን የሚጥለው እንቁላል በፀጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ በእጅ በኩልም ወደ ሰው አፍ ይገባል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያው ከረጢት ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ካልወጣ አይድንም። ሰው ይህን በሽታ የሚያገኘው ሳንባውን ወይም ጉበቱን በመብላት አይደለም፤ የውሻውን እንቁላል በመዋጥ ነው።

የበጉ ጭንቅላትም ለውሻ በጥሬው አይሰጥ። ገበሬው አዙሪት የሚለው፣ በጉን በአንድ ወገን እያዞረ የሚጥለው በሽታ፣ በአንጎሉ ውስጥ ያደገ የሌላ የውሻ ኮሶ ትል እጭ ነው፤ ውሻው ያንን አንጎል ሲበላ ዑደቱ ይሟላል።

ስለዚህ በበዓል ዋዜማ ቡችላውን ማሰር ወይም በክፍል ውስጥ መዝጋት የመጀመሪያው እርምጃ ይሁን። ከረጢት የታየበት ሳንባ ወይም ጉበት በጥልቅ ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ከአጥር ውጭ ወይም ወደ ቱቦ መጣል ለጎዳና ውሾች ማደል ስለሆነ፣ ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ግቢ ይመለሳል። ጤነኛ የሚመስለውን ሳንባና ጉበት ለውሻው መስጠት የፈለገ ሰው ትንንሽ አድርጎ ቆርጦ ከፈላ በኋላ ቢያንስ 40 ደቂቃ ይቀቅለው። ጥሬ ሆድ ዕቃ የማግኘት ዕድል ያለው ውሻ፣ ለምሳሌ ሥጋ ቤት አጠገብ የሚኖር ወይም ከግቢ የሚወጣ፣ የሦስት ወሩ ልዩነት አይበቃውም፤ ፕራዚኳንቴልን በየስድስት ሳምንቱ ቢወስድ ትሉ እንቁላል ለመጣል ከመድረሱ በፊት ይቀደማል።

ልጆች ባሉበት ቤት

የውሻ ወስፋት በሰው አንጀት ውስጥ አያድግም፤ የተዋጠው እጭ ግን በጉበት፣ በሳንባ አንዳንዴም በዓይን ውስጥ ይዘዋወራል፣ ዓይን ውስጥ ከገባም የማየት ችሎታን ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ ይበልጥ የሚጋለጡት አፈር የሚጫወቱና እጃቸውን ወደ አፋቸው የሚወስዱ ሕፃናት ናቸው። እጅ ከጨዋታ በኋላና ከምግብ በፊት በሳሙና ይታጠብ፣ ጥፍር ይቆረጥ፣ ቡችላው ፊት እንዳይልስ ይከልከል፣ የአሸዋ ክምር ካለም ማታ ማታ በሸራ ይሸፈን። የመንጠቆ ትል እጭም በባዶ እግር የሚሄድን ሰው ቆዳ በስቶ የሚያሳክክ ጠመዝማዛ መስመር ሊያወጣ ስለሚችል፣ ሕፃናቱ ግቢ ውስጥ ጫማ ያድርጉ። ከዚህ አልፎ ልጁን ከቡችላው ማራቅ አያስፈልግም፤ በቀኑ መድኃኒቱን የወሰደ ቡችላ ከቆየ የአፈር ብክለት ይልቅ አደጋው ያነሰ ነው።

መሥራቱን ማረጋገጥ

በስምንተኛው ሳምንት ከተሰጠው መድኃኒት በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው ሰገራውን ያስመርምሩ፤ ከዚያ በኋላ በስድስት ወርና በዓመት ይደገም። ከምርመራው በላይ በየዕለቱ የሚናገረው ግን የክብደት መዝገቡ ነው፤ በቀን መቁጠሪያው ላይ ከመድኃኒቱ ቀን ጎን ኪሎውን ይጻፉ። ምግቡን በደንብ እየበላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ክብደት ያልጨመረ ቡችላ ወይ ትሉ ተመልሶበታል፣ ወይ ሌላ ነገር አለበትና ሐኪም ይየው።

አንድ ነገር ቀረ። ይህ ሁሉ ተደክሞበት የጸዳው ግቢ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ጎረቤት ወይም ዘመድ ሌላ ቡችላ ይዞ ሲመጣ ነው። አዲሱን ለሁለት ሳምንት ለብቻው፣ ሲሚንቶ በሆነ ቦታ ያቆዩት፤ በመጣበት ቀን ይመዘንና መድኃኒቱን ይውሰድ፣ በ14ኛው ቀን ይድገም፣ ሰገራውም በተለየ አካፋ ይነሣ። ወደ ጠጠሩ ጥግ የሚገባው ከሁለተኛው መድኃኒት በኋላ ሦስት ቀን ሰገራው ላይ ትል ሳይታይ ሲያልፍ ነው።